የኦቦ ሌታ እንቁላል

ሃዋኒ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ በዚያ ብርድ አገር ማርያም በመጎናጸፊያዋ ትሸፍንሽ። እኛ ደህና ነን፤ ላሟም ወልዳለች።

አካባቢ የማይጎዳ ንግድ እየተማርኩ ነው ብለሽ በስልክ ባዘዝሽኝ መሠረት፣ በሱቄ ፌስታል መስጠት አቁሜያለሁ። ታዲያ ጎረቤታችን ኦቦ ሌታ እንቁላል ገዝተው በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው ሲወጡ፣ ቄሱ ከፊታቸው ድቅን አሉ። መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ ሲሉ እንቁላሉ መሬት ላይ ፍርጥ!

«ያቺ ልጅ የምትመረቀው እኛን ጨርሳ ነው?» እያሉ ተመልሰው መጡ።

ሌላ እንቁላል ሰጠኋቸው፤ በፌስታል። ያውም አንቺ ጫማ በላክሽበት፣ ፍራሽ ሥር አጣጥፌ ባኖርኩት የውጭ ፌስታል!

ጫማው ልኬ ነው፤ ተባረኪ። ከእንግዲህ ግን ዕቃ አትላኪልኝ። አምላክ ትምህርትሽን ያቃናልሽና ራስሽ ነይልኝ፤ አንቺን ለማምጣት ፌስታል አያስፈልግም።

እናትሽ ዱሬቲ