ወፍጮአችን ላይ ስለቆመው ባቡር

ጥር ፳፰ ቀን ፲፱፻፷፯ ዓ.ም.
አፋፍ አቦ፣ ከመካነ ሰላም በስተ ምዕራብ

ለአሮጌው ሐዲድ ማስከፈቻና ማስጎብኛ ኮሚቴ ክቡር ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎ፣ በቅሎዎ፣ ባቡርዎም እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከሞቱት በቀር ሁላችንም ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ለእርስዎም ዕድሜ ከጤና ጋር እንዲሰጥዎ፣ ይልቁንም የማስታወስ ችሎታዎን እንዳይነሣዎ ዘወትር እንጸልያለን።

«ክቡር» ብዬ መጀመሬ ዘመኑን ስቼ አይደለም። ባለፈው ሰንበት በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ግርጌ «የሰፊው ሕዝብ አገልጋይ» ተብሎ መፈረሙን አይቻለሁ። ነገር ግን ማኅተሙ ቢለወጥም ፊርማው ያው የድሮው ፊርማ፣ የተቆለመመው ጅራቱም ያው የድሮው ጅራት ሆኖ ስላገኘሁት በለመድሁት መጥራቱ ይቀለኛል።

ይህን ደብዳቤ ቆሞ የሚያነብ መንገደኛ ነገሩ እንዳይሰወርበት በአጭሩ ላስረዳ። ጣሊያን አገራችን ላይ ሳለ ከድንጋይ ማውጫው እስከ ከተማው ጫፍ ድንጋይ የሚያመላልስበት ጠባብ ሐዲድ ዘርግቶ ነበር። ሲሸሽ ጥሎት ሄደ፤ ሣርና እሾህ በላው። ኮሚቴዎ የጥንት መታሰቢያ ነው ብሎ ከከተማው ጫፍ ጥቂት መንገድ ጠርጎ እንግዳ ማንሸራሸሪያ ካደረገው በኋላ፣ በ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. ደግሞ በእኛ ጉልበት እስከ አፋፍ አቦ አደረሰው፤ እንግዶች ከዚህ ሆነው የዓባይን ሸለቆ ቁልቁል ይመለከቱበታል። አዲሱ ማስታወቂያ የሚለው እንግዲህ ሐዲዱ እስከ ድንጋይ ማውጫው ስለሚቀጥል ሕዝቡ ዶማና አካፋ ይዞ እንዲወጣ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይም እንዲያዋጣ፣ «አራጌ ወልደሩፋኤልም እንደ ቀድሞው ሕዝቡን እንዲቀሰቅስ» ነው። ስሜን ሳልጠየቅ በማግኘቴ ክብር ተሰምቶኛል። በፊቱ እንኳ ጠይቀውኝ ነበር።

«እንደ ቀድሞው» የምትለዋ ቃል ናት ብዕር ያስያዘችኝ። ቀድሞ የተደረገልንን ሳላመሰግን ወደ አዲሱ መዝለል ነውር መስሎ ስለታየኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ አንዲት ቃል አመሰግናለሁ። በታኅሣሥ ፲፱፻፷፭፣ መኸሩ ከድቶን፣ ለበልጉም ሰማዩ ናስ በሆነብን ወራት፣ ገበያው መካከል ድንጋይ ላይ ወጥተው «ባቡር ይገባላችኋል!» ብለው ሲያውጁ ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። እርስዎ ባቡር ያሉት በሐዲድ የሚሄደውን ነበር። እኛ ግን በአገራችን ባቡር የምንለው እህል የሚፈጨውን ነው፤ ኩታበር ላይ ተተከለ ሲባል የሰማነውን፣ ደሴ ደርሶ የተመለሰ ሁሉ «እህሉ በአናቱ ይገባል፣ ዱቄቱ በእግሩ ይወጣል» እያለ የሚያወራልንን። ሐዲዱ የሚጠረገውም ያ ከባድ ነገር በሰው ሸክም ስለማይመጣ ነው ብለን አመንን። «እህል በሌለበት ወፍጮ ምን ሊፈጭ ነው?» ያለ አንድ ሰው አልጠፋም፤ ነገር ግን ጎረቤቴ እትዬ ቦጋለች «አንተ ሞኝ፣ መንግሥት ባዶ ባቡር ይተክላል? ባቡሩ ከገባ እህሉ ተከትሎት ይገባል» ብላ አፉን አስያዘችው። የተራበ ሰው አሳቡ ሁሉ ወደ እህል ነው የሚወርደው፤ አይፈረድበትም።

ሁለተኛ፤ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። እኔ በጎረምሳነቴ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሁለት ዓመት ዕቃ አውራጅ ሆኜ ስለኖርሁ ነገሩ አልጠፋኝም። በማግሥቱ ድንኳንዎ ድረስ መጥቼ፣ ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ፣ «ጌታዬ፣ ሰዉ እኮ ወፍጮ መስሎታል» አልሁዎ። እንባዎ እስኪወርድ ከሳቁ በኋላ «ተዋቸው አራጌ፤ ተስፋ ያለው ሰው ዶማው አይከብደውም» አሉኝ። እውነትዎን ነው፣ አልከበዳቸውም። ሦስት ወር ሙሉ በባዶ ሆዳቸው እየዘፈኑ ቆፈሩ። እርስዎም እኔን ፊደል የቆጠረና አገር ያየ ነው ብለው ቀስቃሽ አደረጉኝ፤ ሹመት ሰው አይጠላምና ዝም ብዬ ተሾምሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ድንጋዩ። ከፋሲካ በኋላ የሚመጡት እንግዶች ከባቡሩ ሲወርዱ ጭቃ እንዳይረግጡ ማረፊያው በጠፍጣፋ ድንጋይ እንዲነጠፍ ታዘዘ። ጊዜ አልነበረም፤ ድንጋይ የሚጠርብ ጉልበትም አልነበረም። የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ሞላ በየቤቱ እየዞረ የሴቶቹን የድንጋይ ወፍጮ አየና «ባቡሩ ሊገባላችሁ ነው፤ ይኸ ከእንግዲህ ምን ይሠራላችኋል?» አለ። ሰውዬው ብልህ ነው። የተናገረው ሁሉ ጥያቄ ስለሆነ ዋሸ አይባልም። ሠላሳ ሰባት ሴቶች ወፍጮአቸውን ሰጡ። ሀጀራ፣ ከቤቴ በታች ያለችው፣ እየሳቀች «ወላሂ አያ አራጌ፣ ጉልበቴን የበላው ይኸው ነው፤ ውሰድና ሰዎቹ ይርገጡልኝ!» አለች። ባለቤቴ ሐረግ ግን አልሳቀችም። ወፍጮው የእናቷ ነበር፤ እናቷም ከእናቷ ያገኘችው ነው። ሁለት ሴቶች ዕድሜያቸውን የጨረሱበት፣ መካከሉ እንደ መሶብ ወርቅ የጎደጎደ ድንጋይ ነው። ዓይን ዓይኔን አይታ «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። «አብሽሪ» አልኋት። በገዛ ትከሻዬ ተሸክሜ አወረድሁት። ሠላሳ ሰባቱም የለሰለሰ ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ በሲሚንቶ ተያዙ። ሥራው ያማረ እንደ ነበር መካድ አይቻልም።

አራተኛ፤ ስለ ምረቃው ዕለት። በሚያዝያ ወር ሴቶቹ ከጥዋት ጀምረው ባዶ ስልቻና ቁና ይዘው ተሰለፉ። ሀጀራ ለበረካ እንድትሆን አንድ እፍኝ ገብስ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ መጥታ ነበር። ከየት እንዳመጣቻት አላህ ይወቅ። ባቡሩ እየጮኸ መጣ፤ ስምንት እንግዶች፣ ሁለት ጃንጥላ፣ አንድ የሩቅ ማያ መነጽር ይዞ ቆመ። ሀጀራ ዙሪያውን ዞራ፣ ጎንበስ ብላ ሥሩን አየችና ወደ እኔ መጥታ በቀስታ «አያ አራጌ፣ እህሉ የሚገባው በየት ነው?» አለችኝ። እኔም «ይኸኛው የሰው ነው፤ የእህሉ ከኋላ ይመጣል» አልኋት። ከእንግዶቹ አንዱ ሴቶቹ ለምን ባቡሩን ትተው ወደ ኋላው ወደ ሐዲዱ እንደሚያዩ ቢጠይቅዎ፣ «ብርቅ ሆኖባቸው ነው» ብለው በትሕትና አስረዱት። እንግዶቹ ሸለቆውን አይተው ተመለሱ፤ ሴቶቹ ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ ያንን ሐዲድ ሲመለከቱ ዋሉ።

አምስተኛ፤ ስለ ጽሑፍ መልስዎ ከሁሉ አብልጬ አመሰግናለሁ፤ ዛሬም በዳዊቴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። በጥቅምት ፲፱፻፷፮ የዕርዳታ ስንዴ መጣ። የእርስዎ ኮሚቴ ያመጣው ስላልነበረ በእርሱ አልከስዎትም፣ አላመሰግንዎትምም። ስንዴው ጥሬ ነበር። የጠነከረው ሰው ንፍሮ ቀቅሎ በላ፤ በሽታ ያደከመው ግን ንፍሮ ሆዱ አይይዝለትም፤ አጥሚት ነው የሚሻው፣ አጥሚት ደግሞ ዱቄት ይሻል። ሐረግ ተቅማጥ ከያዛት ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር። እህል በቤቴ ሞልቶ፣ ወፍጮዋ ከደጄ አራት መቶ እርምጃ ላይ በዘበኛ እየተጠበቀ፣ አንዲቱን ድንጋይ ብቻ እንድነቅል በማመልከቻ ብለምንዎ፣ «ንጣፉ የቅርሱ አካል ስለሆነ ሊነቀል አይችልም» የሚል መልስ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ደረሰኝ። የአማቴ ወፍጮ ቅርስ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ስለዚህ አንድ ቁና ስንዴ ይዤ ወፍጮአቸውን ወዳልሰጡት ወደ ወንዝ ማዶዎቹ ሄድሁ። ክቡር ሆይ፣ ወንድ ልጅ በአገራችን ወፍጮ ላይ እንደማይንበረከክ ያውቃሉ። እኔ ተንበረከክሁ። የማዶ ሴቶች አልሳቁብኝም፤ እንዳላፍር ብለው ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩልኝ። እጄ አልለመደምና ቀኑ አለቀብኝ። ዱቄቱን ይዤ ስመለስ ደጄ ላይ ሰው ቆሞ አየሁ፤ ለምን እንደቆሙም ገባኝ። ሐረግ አልጠበቀችኝም። ያንን ዱቄት ማን እንዳቦካው፣ ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስድስተኛውን በእርስዎ ላይ ልጽፍ አስቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰረዝሁት፤ ባለቤቱ ሌላ ሆነብኝ። እርስዎ አታለሉን ብዬ ማኩረፍ እችላለሁ፤ ሐረግ ግን የዋሻት ማን ነው? እርስዎ በቤቴ ገብተው «አብሽሪ» አላሉም። ሀጀራንም «ከኋላ ይመጣል» ያላት የኮሚቴው ጸሐፊ አይደለም። አውቄ ዝም አልሁ፤ ዝምታው ሲያልቅብኝ ደግሞ ዋሸሁ። ምናልባት እህሉም ይመጣ ይሆናል፣ እግዚአብሔር በእኔ ውሸት ውስጥም ሥራ አያጣም ብዬ ራሴን አባብል ነበር። ይህን ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ሰምተው «ለእግዚአብሔር ነግረኸዋል፤ ለሴቶቹ ግን ገና አልነገርህም» አሉኝ። ቀኖናዬን ጾምና ስግደት ብቻ እንዲያደርጉልኝ ብለምናቸው እምቢ አሉኝ። ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ፤ በየሰንበቱ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በሠላሳ ሰባቱ አጠገብ አልፋለሁ፣ ሴቶቹም «እንዴት አደርህ አያ አራጌ» ይሉኛል። ሰላምታቸው ይከብደኛል።

ልመናዬ እንግዲህ አንድ ብቻ ነው፤ ወፍጮዎቹ ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ። አምና ዝናብ ጥሎ ጥቂት ገብስ ገብቶልናል፤ ወፍጮ ይጠርብልን የነበረው ሽማግሌ ግን በዚያ ክፉ ዓመት አልፏል፤ ሌላ የሚያውቅ የለም። ልጄ አበቡ በሳምንት ሁለት ቀን ወንዝ ተሻግራ፣ አስቀድማ የባለ ወፍጮዋን እህል ፈጭታ፣ ከዚያ የራሳችንን ፈጭታ ትመለሳለች። ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች። በአገራችን ሙሽራ የእናቷን ወፍጮ ይዛ ትሄዳለች፤ የእናቷ ወፍጮ የት እንዳለ ደግሞ ታውቃለች፤ እስከ አሁን ማን ተሸክሞ እንዳወረደው ብቻ አልጠየቀችኝም።

ስለ ቀስቃሽነቱ ሹመት ከልብ እያመሰገንሁ፣ አልቀበልም። ይሁን እንጂ ሕዝቡን አንድ ጊዜ እቀሰቅስልዎታለሁ። በመጪው መጋቢት አምስት የአቦ ንግሥ ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም የአፋፍ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። ታቦቱ ከገባ በኋላ ይህን ደብዳቤ ማንበብ ለማይችሉት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ፤ ስድስተኛውን ሳልዘል፣ ሀጀራና አበቡ ፊት ለፊቴ ባሉበት። ዲጂኖ እኔ ይዤ እመጣለሁ። እንግዶችዎ በዚያ ቀን የሚመጡ ከሆነ ማረፊያ ስለማይኖር በጥንቃቄ ዘለው እንዲወርዱ ቢነግሩልኝ ደግ ነው። ሴቶቹ አንብቤ ስጨርስ ድንጋዩን ያነሡታል፣ ወይም ያነሡብኛል። ሁለቱም ፍርድ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን አልመርጥባቸውም፣ ከቆምሁበትም አልሸሽም።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት እንደ ሐዲዱ ረጅም፣ እንደ ሐዲዱም ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ የቆየ መሆኑን በትሕትና እየገለጽሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የቀድሞ ቀስቃሽዎ
አራጌ ወልደሩፋኤል

ግልባጭ፦
ለአፋፍ አቦ ደጀ ሰላም
ለመስጊዱ በር
ለቅዳሜ ገበያ፣ እርስዎ ወጥተው ለተናገሩበት ድንጋይ

ተጨማሪ፤ በማስታወቂያው መጨረሻ ላይ ሥራው «በኅብረተሰብአዊነት መንፈስ» እንደሚከናወን ተጽፏል። እትዬ ቦጋለች ሳነብላት ሰምታ «ደግሞ እርሱ በቁና ነው ወይስ በእፍኝ የሚሰፈረው?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ አላውቅም ብያታለሁ፤ የሚያውቀው የጻፈው ሰው ነው፣ እርሱን ጠይቂው አልኋት። ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ቁናዋን ይዛ ቢሮዎ ትመጣለች። ጠዋት ነው የምትደርሰው፤ እባክዎ አያስጠብቋት።