የአደይ መነጽር

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ሰመረ፣

አስቀድሜ ጤናህን፣ ከጤናህ ቀጥዬ የቤትህን ሰላም እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ባልክ ቁጥር ታቃስታለህ? ባለቤትህ ሉዋም እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? ዝናቡ መቀሌ ገባ ወይስ እንዳምናው ዘገየባችሁ? እኔና እናታችን አደይ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለን የለም እንዳልልህ ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ታውቀዋለህ። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ የአደይ ዓይን ቢደክምም ጆሮዋ ገና የሃያ ዓመት ልጃገረድ ነው። ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ በወረቀት አደረግሁት።

ባለፈው ስትደውል፣ ለመስከረም መጥተህ አደይን ልትወስዳት እንዳሰብክ ነግረኸኛል። «ከጴንጤ ጋር ከምታረጅ እኔ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን እየሳመች ትኑር» ያልከውንም አልረሳሁም። እሷንም ጠይቂልኝ ብለሃል። አልተቆጣሁም፤ ጴንጤ ከሆንኩ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት የሰማሁት ነገር ነው። እውነቱን ልንገርህና እሺ ትለዋለች ብዬ ነበር የማስበው። አደይ ከእኔ ጋር አትጣላም። ግን ስጸልይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፣ ለበዓል የሠራሁትን ዶሮ አትቀምስም፣ ለጎረቤት ስለ እኔ ስታወራ «ያቺ ልጅ» ትለኛለች። ስለዚህ ጥያቄህን ሳልጠይቃት ሁለት ወር አሳደርኩት። ትሄዳለች ብዬ ፈርቼ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ ዓይኗ ነበር። ሁለት ዓመት ሆናት ውዳሴ ማርያሟን ማንበብ ካቃታት። ጠዋት ጠዋት ትከፍተዋለች፣ በጣቷ እየዳበሰች በቃል የያዘችውን ትላለች፣ የረሳችው ቦታ ስትደርስ ትዘጋዋለች። ለግማሽ ፒያሳ የመነጽር መስታወት ስቆርጥ የምውል ሰው ነኝ፤ ለገዛ እናቴ ግን አንድ መነጽር ማልበስ አልቻልኩም። ሦስት ጊዜ አምጥቼላት ሦስቱንም ጊዜ በመጣበት ከረጢት መልሳልኛለች።

ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ ዛሬ ግን ሳልነግርህ ነገሩ አይገባህም። ከጊዮርጊስ ወደ ታች ስትወርድ፣ ቀድሞ ልብስ ስፌት ቤት የነበረ ፎቅ ላይ የተከራየነው አዳራሽ አለ። ሜቶዲስት የሚለው ስም ለሰፈሩ አፍ አልመች ብሎ «መቶዎቹ» ይሉናል። መቶ ቀርቶ አርባም አንሞላም። የድሮ ሰፈራችን ሲፈርስ ግማሹ ሰው ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ስለገባ፣ እሑድ እሑድ ሁለት ታክሲ እየቀየረ ይመጣል። እንዘምራለን፣ መጋቢ ዓብይ ይሰብካል፣ ከዚያ ሻይና ዳቦ ይቀርባል። ስብከቱ ረዘመ የሚለው ሐሜትም አብሮ ይቀርባል። ረቡዕ ደግሞ አምስት ስድስት እየሆንን ተቀምጠን «ነፍስሽ እንዴት ነች?» እየተባባልን የልባችንን እንጠያየቃለን። የመጀመሪያው ቀን እንደለመድነው «እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ናት፣ የእናንተስ?» ብዬ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

በዚህ ዓመት ለሰፈሩ አረጋውያን የንባብ መነጽር እንስጥ ተባለ። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ማንን አስቤ እንደሆነ ግን ለማንም አልተነፈስኩም። የምሠራበት መነጽር ቤት ባለቤት ረሻድ ዓይን ሊለካልን ተስማማ። የፒያሳ ሰው መች ዝም ይላል፣ «እስላም ይለካል፣ ጴንጤ ያድላል፣ ኦርቶዶክስ ያነባል» እያለ ተረበን።

በግንቦት ያደረግነው የመጀመሪያው ቀን ተበላሸ። መጋቢ ዓብይ ደግ ሰው ነው፣ ግን ያደገው ሌላ አገር ስለሆነ የጊዮርጊስን እናቶች አያውቃቸውም። መነጽሩ ልክ መሆኑ የሚታየው በማንበብ ነውና፣ ለመሞከሪያ እንዲሆን የቤተ ክርስቲያናችንን የግብዣ ወረቀት አደላቸው። የመጀመሪያዋ እናት «ጌታን ይቀበሉ» የሚለው ላይ ስትደርስ መነጽሩን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ከኋላዋ የተሰለፉትም ተከትለዋት ወጡ። እኩለ ቀን ሳይሆን ወሬው ጊዮርጊስ በር ደረሰ፤ መቶዎቹ መነጽር አልብሰው ያስነብቡሻል፣ ያነበብሽው እንደ መሐላ ይቆጠርብሻል ተባለ። አደይም ሰምታለች።

ከዚያ በኋላ በተደረገው ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም የየራሱን መጽሐፍ ከቤቱ ይዞ ይምጣና በሱ ይሞክር ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ኪዳነማርያም ይባላል። በወጣትነቱ ዲያቆን ነበር፤ ወደ እኛ ሲመጣ ስሙን አልቀየረም። እሱ ተነሣና፣ «እዚህ አዳራሽ ውስጥ ውዳሴ ማርያም ሊነበብ ነው? እኔ ከዚያ የወጣሁት እንዲሁ ዝም ብዬ አይደለም» አለ። ልክ ነው፣ ከዚያ በመውጣቱ ቤተሰቦቹ ለቅሶ እንኳ እንዳይደርስ ከልክለውታል። መጋቢው ግን፣ መነጽር የምንሰጣቸው እነሱ የሚወዱትን እንዲያነቡ ነው፣ እኛ የምንወደውን እንዲያነቡማ ቢሆን ፊደሉን አተልቀን እናትመው ነበር አለ። በዚሁ ተዘጋ።

ሁለተኛው ዙር ሰኔ ሃያ ስምንት ቅዳሜ ነበር። አደይ መጣች። ነይ አላልኳትም፤ መጽሐፍ ከየቤቱ ነው መባሉን ከጎረቤት ሰምታ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ መጽሐፏን በጨርቅ ጠቅልላ ሦስተኛ ተሰለፈች። ሻይ ስቀዳ አጠገቧ አለፍኩ፤ እንዳላወቀ ሰው ሆነች፣ እኔም እንደዚያው ሆንኩ።

ረሻድ አንዱን መስታወት ሞከረላት፣ ሁለተኛውን ሞከረላት፤ በሦስተኛው «እስቲ ያንብቡልኝ እማማ» አላት። ለእኛ አንድ መስመር ይበቃል። የአደይን ጠባይ ግን ታውቀዋለህ፤ ጸሎት ተጀምሮ አይቋረጥም። የዕለቱን፣ የቅዳሜውን ክፍል ከመጀመሪያው ጀመረችው። ረሻድ ሁለት ጊዜ «በቃ እማማ፣ ልክ ሆኗል» ቢላት ጣቷን አንሥታ ዝም አሰኘችው። ድምፅዋ ከፍ እያለ ሲመጣ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት አሮጊቶችና ሽማግሌዎች በየከዘራቸው ተደግፈው አንድ በአንድ ተነሡ። ውዳሴ ማርያም ሲደገም እንዴት ይቀመጣሉ? ሽማግሌ ቆሞ ደግሞ ወጣት አይቀመጥምና የእኛዎቹም ተነሡ። አብሮኝ ሻይ የሚቀዳው ፔርሙዙን አስቀመጠ፣ መጋቢው ቆቡን አወለቀ፣ ረሻድም በእጁ መስታወት እንደያዘ ቆመ። ኪዳነማርያም ብቻ ጥግ ላይ እጁን አጣምሮ ተቀምጦ ቀረ።

አደይ የጧፍ ሰም ጠብ ብሎበት ፊደሉ የጠፋ ቦታ ላይ ደረሰችና ቆመች። ተመልሳ ከላይ ጀመረች፣ እዚያው ስትደርስ አሁንም ቆመች። ያን ጊዜ ከጥግ ቀጣዩ ቃል መጣ። ኪዳነማርያም ነው፤ ወለል ወለሉን እያየ፣ በዜማው። አደይ ቀና ብላ ማን እንደሆነ እንኳ ሳታይ ተቀብላው ቀጠለች። ስትጨርስ እሱም ቆሞ ነበር፤ መቼ እንደተነሣ አላየሁም። ከዚያ በኋላ የሻይ ብርጭቆ ሲያጥብ ዋለ።

አደይ መጽሐፏን ሳመችና ጠቀለለችው። መነጽሩን ሳታወልቅ ወደ እኔ ዞራ በትግርኛ «ንዒ» አለችኝ። ሄድኩ። አገጬን ያዘችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችኝ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብዙ አየችኝ፤ ግንባሬን፣ የዓይኔን ሥር፣ ጠጉሬን።

«አርጅተሻል እኮ» አለችኝ። «ማንም አልነገረኝም።»

ደስ አለኝ፣ ደግሞም አፈርኩ።

እንግዲህ አደይ ልትለወጥ ነው ብለህ እንዳትደነግጥ። በማግስቱ እሷ ጊዮርጊስ ሳመች፣ እኔም ወደ መቶዎቹ ወጣሁ። ስጸልይ ፊቷን ማዞሯንም አልተወችም። ከሰዓት በኋላ ግን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስታነብ፣ አሳድሬው የቆየሁትን ጥያቄህን ነገርኳት፤ ሰመረ ለመስከረም መጥቶ ልውሰድሽ ይላል አልኳት። ሳልጨምርም ሳልቀንስም ነው የነገርኳት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ለቤትህ ቅርብ መሆኑን ጭምር። የያዘችውን ገጽ እስክትጨርስ ጠበቅሁ።

«ይምጣ» አለች። «ልጆቹንም ይዟቸው ይምጣ፣ ዓይኔ እያየልኝ ልያቸው። መሄዱን ግን ተዪው። የምታረጅ ልጅ ትቼ የት እሄዳለሁ?»

ለሉዋም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችው ማር ደርሶናል፣ እጇን ይባርከው። አርአያን ፈተናው እንደምን ሆነ በልልኝ። አርሴማን ሁለቱን ጉንጯን ሳምልኝ። ለአማትህና ለጎረቤቶቻችሁ ሁሉ በያሉበት ሰላም በል። አደይ ስማችሁን አንድ በአንድ እየጠራች መርቃችኋለች፤ አሁን መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ ሆና የምጽፈውን እያነበበች ስለሆነ ምንም አልቀነስኩባችሁም።

እህትህ ኢየሩስ
አዲስ አበባ፣ ፒያሳ
ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.