ከልቤ ፈጠርኳት ያልኩት ሴት

ይድረስ ለሀርሜ፣ እንደ እናቴ ለማይዎት፣

አከም ጅርቱ፣ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ክረምቱ ሲገባ ይጠናብዎታል፤ ልጅዎ ሊሊሴ ቅባቱን እየቀባች ታሽዎታለች? እኔ ደህና ነኝ ልበል? በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ካለው ቤቴ እርስዎ ደጃፍ ድረስ አሥር ደቂቃ አይሞላም። እንዲህ ቅርብ ላለ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ያሳፍራል። ግን ሁለት ጊዜ መጣሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ድምፄን ሲሰሙ በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት። እኔም ብሆን አልከፍትም ነበር።

ሽልማቱን ሰምተዋል። ኡኬ ከተማ በቀረጽነው ፊልም፣ በሠላሳ ዓመቴ ፀጉሬን በዱቄት አሸብተውልኝ፣ ልጇ ተሰድዶ የቀረባትን እናት ሆኜ ተጫወትኩ። አዲስ አበባ ተወዳድሮ ምርጥ ተዋናይት ተባልኩ። የዳኞቹ ሰብሳቢ መድረክ ላይ ምን አሉ መሰልዎት? በእውነት የኖረን ሰው መጫወት ቀላል ነው፣ አካሄዱን አይቶ መቅዳት ነው፤ ይቺ ልጅ ግን የሌለችን እናት ከምንም ፈጥራ አሳየችን አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አፌን ሞልቼ፣ አዎ፣ ከልቤ ነው የፈጠርኳት አልኩ።

ውሸቴን ነው። ስልክ ሲጮህ እጇን ሁለቴ ቀሚሷ ላይ ጠርጋ የምታነሣዋ እናት እርስዎ ነዎት። ልጅዎ ሞሲሳ በመተማ በኩል ከተሰደደ ጀምሮ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማውን ቀለም ቀብተው ፀሐይ ላይ የሚያወጡት እርስዎ ነዎት። ድንገት ቢመጣ በባዶ እግሩ ሊሄድ ነው እንዴ ይሉኝ ነበር። የልጅዎ እጮኛ ብለው ቤትዎ አስገቡኝ፣ እኔ አጠገብዎ ተቀምጬ ሰረቅሁዎት።

ፊልሙ እዚህ ነቀምቴ ሲታይ ማን ይሳሳታል? ገና እናትየው ጫማውን ፀሐይ ላይ ስታወጣ አዳራሹ ውስጥ ስምዎ ተጠራ። መጨረሻው ላይ ልጁ ሲሞትማ፣ የሞሲሳ እጮኛ መርዶ ብትሰማ ነው እንጂ እንዲህ አታለቅስም ተባባሉ። በማግስቱ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ጂሩ የለቅሶ ድንኳኑንና አግዳሚውን አስጭነው ደጅዎ መጡ። እርስዎ ዱላ ይዘው ወጡ አሉ። ልጄ አልሞተም፣ የገደለችው እሷ ናት ብለው ጮኹ አሉ። ወይ ጉዴ! ያ ሁሉ ሽማግሌ ድንኳኑን መልሶ ሲጭን መንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁ።

ለሰዉ ሁሉ ፈጠራ ነው፣ ፈጠራ ነው እያልኩ ዞርኩ። ለእርስዎ ግን አልዋሽም። ድርሰቱ ላይ ልጁ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ያንኳኳል፣ እናትየው ትከፍታለች፣ ጎንበስ ብላ ጫማውን ታደርግለታለች፣ ያልቃል። ልምምድ ላይ አራት ጊዜ ሞከርኩት። ልጁን የሚጫወተው ሲያቅፈኝ ገፍትሬው ወጣሁ። ዳይሬክተሩን፣ እባክህ ቀይረው፣ አይምጣ፣ መርዶው ይምጣ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። በዚያው ሳምንት ከሞሲሳ ጋር አብሮ የወጣው ዋቅወያ ከሊቢያ ደውሎልኝ ነበር።

ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፣ ለማንም አልተነፈስኩም። እርስዎ ጫማውን ሲወለውሉ እያየሁ እንዴት አፌን ልክፈት? ደግሞስ በወግ ሳንጋባ፣ ምኑ ነኝ ብዬ ነው ነጠላዬን የማዘቀዝቀው? ካሜራ ፊት ብቻ አለቀስኩ። ለዚያም ተጨበጨበልኝ። የተሸለምኩ ቀን የምደውልለት ሰው አጥቼ ዋንጫውን ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ በታች ከተትኩት። እዚያው ነው ያለው።

ዋቅወያ ያለኝን በወረቀት አልጽፈውም፤ እንዲህ ያለው በደብዳቤ አይነገርም። ለኦቦ ጂሩ ትናንት ነገርኳቸው። ዲጋ የሚኖሩት ወንድምዎ ቅዳሜ ይገባሉ። እሑድ ማለዳ፣ ሰው ሳይንቀሳቀስ፣ ከእነሱና ከፓስተሩ ጋር እመጣለሁ። ማሎ፣ እባክዎ ሀርሜ፣ በሩን ይክፈቱልን። ቢፈልጉ ይምቱኝ። ብቻዬን ግን ከእንግዲህ አልችለውም።

ዋቀዮ አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ እስከ እሑድ በሰላም ያሳድርዎ።

ምራትዎ