አርባ ስምንት አስኳልና አንድ ጅብ

ለጥሩዬ፣

ስለ ጤናሽ አልጠይቅሽም፤ እዚያ መታመም የለም ይባላል። የኔን ጤና ግን ልንገርሽ፤ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይጮኻል፣ ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩሽ ጨክኜ አይደለም፣ መጻፍ ስለማልችል ነበር። አሁን እችላለሁ። ከላይ እስከ ታች የምታዪው የኔው የደምሴ እጅ ነው፣ ማንም ጣቴን አልያዘልኝም።

አዎ፣ እኔው ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ና ፊደል ላስቆጥርህ» ስትዪኝ «ግንበኛ የሚያነበው በውሃ ልክ ነው» እያልኩ ስቀልድብሽ የኖርኩት ሰውዬ። የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። በክፍላችን ሃያ አንድ ጎልማሶች ነበርን፤ አንደኛ ማን ወጣ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፣ ታውቂዋለሽ። ሁለተኛ የወጣችው ሴትዮ ከአጠገቤ የምትቀመጠው ናት፤ ከማን እንደቀዳች እግዜር ያውቃል። መምህራችን የልጃችን የመቅደስ ታናሽ የምትሆን ልጅ ናት። አንድ ቀን ደብተሬን አይታ «ጋሽ ደምሴ፣ የእርስዎ ፊደል ግድግዳ ይመስላል» አለችኝ። ልታርመኝ ፈልጋ ነው። እኔ ግን ሙገሳ አድርጌ ወሰድኩት፤ የኔ ግድግዳ ምን ያህል እንደሚቆም አንቺ አይተሻል።

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሥር ያለውን ቤታችንን ለቅቄ አሁን የምኖረው የካ አባዶ፣ መቅደስ ዘንድ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ድሮ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የባሕር ዛፉ ሹክሹክታ ነበር፤ አሁን የሚቀሰቅሰኝ «መገናኛ፣ መገናኛ፣ አንድ ሰው» የሚለው የታክሲ ጥሪ ነው። ለምጄዋለሁ። ልጅሽ የቢሮ ሥራዋን ትታ ቤቷ ውስጥ ኬክ ትጋግራለች። እንደ በረዶ የነጣ ኬክ ነው፣ ለሠርግ የሚፈልጉት። የሚሠራው በእንቁላሉ ነጭ ብቻ ነው፤ አስኳሉን ትለይና በአንድ ሳህን ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ሁለት ቀን ታየዋለች፣ በሦስተኛው ቀን ፊቷን አዙራ ትደፋዋለች። ፊቷን የምታዞረው ከማን እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን።

አንቺ እኮ መገናኛ ኬክ ቤት እንቁላል ስትሰብሪ ውለሽ የተረፈውን አስኳል በዱቄት ወተት ጣሳ ይዘሽልን ትመጪ ነበር። አንድ ጊዜ ታክሲው ድንገት ፍሬን ሲይዝ ጣሳውን በሁለት እጅሽ አቅፈሽ በግንባርሽ የፊተኛውን ወንበር መታሽው። ቤት ስትገቢ ግንባርሽ እንቁላል አክሏል፣ ከአስኳሉ ግን አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። «ግንባር ይድናል» አልሽኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ያን ቢጫ ዳቦ ትሠሪልናለሽ። መሥራቱ ያንቺ ነው፣ ማሸቱ ግን የኔ ነበር። ሲሚንቶና አሸዋ ለሠላሳ ዓመት ያላሸነፈው ክንድ ለሊጥ አይበገርም። እያሸሁ የጅቡን ወሬ አወራልሻለሁ፤ አንድ ማለዳ ከቤታችን ወደ ሥራ ስወርድ ጅብ ደጃችን ካለው ባሕር ዛፍ መሃል ቆሞ እንዳገኘሁትና በግንብ መለኪያ ቱንቢዬ ብቻ እንዳባረርኩት። ስንት ጊዜ እንደሰማሽው አላውቅም። አንድም ቀን «ሰምቼዋለሁ» አላልሽኝም።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ያንን ዳቦ የቀመሰ የለም። መቅደስ ለሙት ዓመትሽ ሰሞን የምግብ አሠራር ትጽፊበት የነበረውን ደብተርሽን አውጥታ ሞክራ ነበር፤ ዝልግልግ ብሎ ሳህኑ ላይ ተኛ። «ልኩን አልጻፈችውም አባዬ» አለችኝና ደብተሩን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው። እኔ ምን ብዬ ልከራከር? ያን ጊዜ ደብተሩን ብትሰጠኝ የምይዘው ገልብጬ ነበር። ጣዕሙ አብሮሽ ሄደ ብለን ተውነው። እውነቱን ልንገርሽና፣ የማታ ትምህርት የገባሁት ለዚያ ደብተር ብዬ ነው። ለሰው ግን «የባንክ ፎርም ለመሙላት» እያልኩ ነው የማወራው።

ታዲያ የዘንድሮው ቅበላ እሑድ መጣ። መቅደስ ጾም ገብቶ የሠርግ በር ሳይዘጋ የሚያገባ ሰው ተሻምቶባት፣ ለአንድ ሠርግ ብቻ የአርባ ስምንት እንቁላል ነጭ መታች። ጠዋት ኬኩን መጥተው ወሰዱላት። እኛ ቀረን፤ እኔ፣ እሷና አርባ ስምንት አስኳል። ማግስቱ ሰኞ ጾም ይገባል። ለሁለት ወር ገደማ እንቁላል የሚባል ነገር በእኛ አፍ አይዞርም፣ አስኳል ደግሞ ፋሲካን አይጠብቅም። የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን አስቴር፣ ቤተሰቧ ፕሮቴስታንት ነው፣ ነገሩን ሰምታ ወደ እኛ ወጣች። «ለእኔ ስጡኝ፣ እኛ ነገም እንበላለን» አለች። መቅደስ ሳህኑን አንስታ ልትሰጣት ስትል ክንዷን ያዝኩ። «ዛሬ የእናትሽን ዳቦ እኔ እሠራዋለሁ» አልኳት። አስቴር ሳቀች። «ጋሽ ደምሴ፣ ሻይ ማፍላት መቼ ተማሩና ነው?» አለች። እኔም መልስ አላጣሁም፤ ከቀትር በኋላ ሳህን ይዛ እንድትመጣ፣ ትንሽ ሳህን እንዳትይዝ ነገርኳት። ይህን ስል ግን፣ ዘንድሮ ካበላሸሁት ለከርሞ የምሞክርበት ወኔ እንደማይኖረኝ አውቅ ነበር፤ መቅደስም ዳግመኛ ደብተሩን አታወርደውም።

ደብተሩን አወረድኩት። ጥሩዬ፣ ፊደልሽ እንዴት ያለ ቆንጆ ነው። ሠላሳ ዓመት አጠገቤ ሲጻፍ አላየሁትም። ጣቴን ከሥሩ እየጎተትኩ ማንበብ ጀመርኩ። «አስኳሉ እንዳይደርቅ ከላዩ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አድርጎ መክደን።» ይህንን ቀስ ብዬ ዘለቅኩት። «ለፀጉርም ጥሩ ነው።» ይህንን እንኳ ቀደም ብዬ ብሰማው ኖሮ ራሴ ላይ አሁን የሚያበራው ነገር ባላበራ። ከዚያ ዳቦው መጣ። «አሥራ ሁለት አስኳል። ፍርኖ ዱቄት፣ በደምሴ እጅ አራት እፍኝ። አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ወተት፣ እርሾ፣ ስኳር፣ ለጋ ቅቤ። ሊጡን ደምሴ የጅቡን ወሬ እስኪጨርስ ማሸት። መሃል ላይ እንዳታስቆሙት።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንደኛ የወጣሁት ሰውዬ ሦስት ጊዜ።

ቀና ስል መቅደስ በሩ ላይ ቆማለች። ልኩ ተጽፏል፤ ልኩ እኔ ነኝ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ላነብልህ ሦስቴ ጀምሬያለሁ አባዬ፤ ያቺ መስመር ላይ ስደርስ ድምፄ እምቢ ይለኛል» አለችኝ። ስለዚህ በቡና ስኒ ለክታ፣ በስልኳ ሰዓት ይዛ አሽታው ነበር፤ ለዚያ ነው የተኛባት። አልተቆጣኋትም። እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ ቀረብኩ።

ሃያ አራቱን አስኳል በአንድ ጊዜ ለሁለት ዳቦ አቦካሁ። ስምንት እፍኝ ቆጠርኩ፣ ማሸት ጀመርኩ፣ ወሬውንም ጀመርኩ። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ወሬው ትንሽ አድጓል። እዚህ ሕንፃ ላይ ሰው ብዙ ነው፤ አንድ ጅብ ብቻ ቢነገረው አይደነግጥም። ስለዚህ ሦስት ሆነዋል። አንደኛውን በቱንቢ፣ ሁለተኛውን በመዶሻ፣ ሦስተኛውን በዓይኔ ብቻ ነው የማባርረው። ይህን ሁሉ አውርቼ ስጨርስ ሊጡ በእጄ ሙቀት ቅቤውን ተፍቶ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ቢሆንም ጋገርነው። ከኦቨን ሲወጣ ቢጫነቱ ልክ ነው፣ ክብደቱ ግን ሌላ ነው። አስቴር ትልቅ ሳህኗን ይዛ የመጣችው ያኔ ነው። በጣቷ መታ መታ አድርጋ «ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ ዳቦ ነው ብሎኬት?» አለችኝ። መቅደስ ከንፈሯን ነክሳ ቆይታ «አባዬ፣ በእማዬ ጊዜ እኮ ጅቡ አንድ ነበር» አለች።

ሃያ አራት አስኳል ቀረኝ። አስቴር «አሁንማ ስጡኝ» ብላ እጇን ዘረጋች። እኔ ክብሬ ተነክቷል። ማንበብ እንደምችል ቢያንስ አስቴር እንድታይልኝ ብዬ ደብተሩን አነሳሁ፤ ቅጠሉን ስገለብጠው ከጀርባውም ጽፈሽበታል፣ መቅደስ እንኳ ያላየችው። ጉሮሮዬን ጠርጌ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ፊደል በፊደል የሚያነብ ሰው ደግሞ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አያውቅም። «ሊጡ ሲደርስ ጅቡ ይሸሻል። እዚያ ላይ ማቆም።» አየሽ፣ አልኳት አስቴርን በዓይኔ። ቀጠልኩ። «ጅቡ የጎረቤታችን ውሻ ነው። ያን ዕለት በመስኮት አይቻለሁ። ደምሴ ማየቴን አያውቅም፤ እንዳትነግሩት።»

አስቴር ሳህኗን ጥላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሳቋ አንደኛ ፎቅ ተሰምቷል። መቅደስ ግድግዳ ተደግፋ ትስቃለች፣ እንባዋ ይወርዳል፤ እንባው የሳቅ ይሁን የልቅሶ አልለየሁም። እኔም ምን ላድርግ፣ ሳቅኩ። አንቺ ሠላሳ ዓመት አውቀሽ፣ በየቅዳሜው ዓይንሽን አፍጥጠሽ «ከዚያስ?» ትዪኝ ነበር። ጉራ የምነዛ እኔ፣ ጉራውን ሳይደክምሽ ተሸክመሽ የኖርሽው አንቺ።

የቀሩትን አስኳሎች አቦካሁ። እያሸሁ ያንኑ የድሮውን ወሬ አመጣሁት፤ አንድ ማለዳ፣ አንድ ባሕር ዛፍ፣ አንድ ጅብ። ጅብ ነው ያልኩት፤ ውሻ ካልኩትማ ገና ሳልነካው ይሸሽና ሊጡ ሳይደርስ ይቀራል። ሁለቱም ሴቶች ውሻ መሆኑን እያወቁ አፋቸውን ዘግተው አዳመጡኝ። አላስቆሙኝም። ጅቡ ጅራቱን ቆልፎ ወደ ቁልቁለቱ ሲሸሽ እጄን ከሊጡ አወጣሁ። ለስልሶ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ሆኖ ቀርቷል። ኩፍ እስኪል ጠበቅን፣ ጋገርነው።

አሥር ሰዓት አካባቢ ወጣ። መቅደስ ሳይበርድ ቆረሰች። አኘከች፣ ዓይኗን ከደነች። ሁለተኛ ቁራሽ አነሳች። ሦስተኛውን ስታነሳ ያኔ ተነፈስኩ። «ይሄ ነው አባዬ፣ እራሱ ነው» አለችኝ በሞላ አፏ። እኔም ቀመስኩ። ጥሩዬ፣ ቅዳሜ ነበር። እሑድ ሆኖ ሳለ ቅዳሜ ነበር።

አንዱን ዳቦ ጾም ሳይገባ እኛና ከላይ ከታች የመጡ ጎረቤቶች ጨረስነው። አንዱን አስቴር ወሰደች፤ ብሎኬቶቹንም አልጣልንም፣ ልጆቿ ሳምንቱን በወተት እየነከሩ ይበሉታል። ከአርባ ስምንቱ አንድ አስኳል አልተደፋም። አሁን ሕንፃው ላይ ሰዎች ሲያገኙኝ «ጋሽ ደምሴ፣ ውሻው እንዴት ነው?» ይሉኛል። ይበሉ። ፊደል መቁጠር ዋጋ አለው።

ይህንን ከጻፍኩልሽ በኋላ ደብተርሽን እከድነዋለሁ። ስለ አስኳሉና ስለ ዳቦው ያለውን ቅጠል ብቻ ነው ያነበብኩት፤ ሌላ ሠላሳ ስምንት ገጽ አለ። መቅደስ «በአንድ ቀን ትጨርሰው የለ፣ አንደኛ አልወጣህም እንዴ?» ትለኛለች። እጨርሰዋለሁ፣ አቅቶኝ አይደለም። ግን በየቅዳሜው አንድ ገጽ ብቻ፣ ጣቴን ከሥር እየጎተትኩ፣ በጣም ቀስ ብዬ ላነበው ወስኛለሁ። ቃሌ ይህ ነው፤ አልረሳሽም፣ አልቸኩልብሽም። ያላነበብኩት ገጽ እስካለ ድረስ ገና ያልነገርሽኝ ነገር አለ።

ያንቺው ደምሴ