የሊቀመንበሩ ቤት የሚበላው ጎመን

ለተከበሩ የአትክልት አምራቾች ማኅበራችን ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ የእርስዎ፣ የባለቤትዎና የልጆችዎ ጤና እንደምን እንደ ሆነ እጠይቃለሁ። የጤናውን ነገር የምጠይቀው ከልቤ ነው፤ ምክንያቱን ዝቅ ሲሉ ያገኙታል። እኛ፣ ማለትም እናቴ፣ እኔና ከማኅበሩ ሚዛን ላይ ያስወረዱት ጥቅል ጎመናችን፣ እርስዎን በአደባባይ ከማመስገን በቀር የቀረን ሥራ የለም።

እኔ በሰብል ጥበቃ ትምህርት ተመርቄ ወደ እናቴ ማሳ የተመለስኩት፣ እርስዎም በስብሰባ መካከል «ወይዘሪት ጠርሙስ አንባቢ» ብለው የሰየሙኝ ነኝ። ስሙን ወድጄዋለሁ። በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተለጠፈውን የሚያነብ ሰው በማኅበራችን ብርቅ መሆኑን በአባላት ፊት ስለመሰከሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

አንደኛ፣ አባል ሁሉ በየሳምንቱ ያንኑ አንዱን ፀረ-ተባይ እንዲረጭ ማዘዝዎ ሊመሰገን ይገባዋል። ከቅጠሉ ሥር ተለጥፋ የምትኖረው፣ ሲነኳት በቀጭን ክር ተንጠልጥላ የምትወርደው አረንጓዴ ትል መጀመሪያ ላይ ትሞት ነበር። ያው መድኃኒት ሲመላለስባት ግን ደካሞቹ አልቀው የጠንካሮቹ ዘር ስለተራባ፣ ዛሬ ርጭቱን እንደ ካፊያ ቆጥራ ቁርሷን ትቀጥላለች። እንቁላላቸውን እየጣሉባት ይገድሏት የነበሩት ትንንሽ ተርቦች ናቸው ያለቁት። አገዳደላቸው የተለያየ መድኃኒቶችን እናፈራርቅ፣ ቅጠሉን ገልጠን የትሉን መብዛት ሳናይ አንርጭ ብዬ ባመለክት፣ መጠኑን እጥፍ አድርጉት ብለው መለሱ። በውሳኔዎ ላይ ትሏ ምንም ቅሬታ የላትም።

ሁለተኛ፣ ጎመኑ ገበያ ላይ እንዲያበራ በመቁረጫው ዋዜማ ይረጭ ብለዋል። ጠርሙሱ ደግሞ ከርጭት በኋላ ሳምንት ሳይሞላ አትቁረጡ ይላል። እኛ መድኃኒት ጠልተን አይደለም፤ ሲያስፈልግ ረጭተናል፣ ከዚያም ቀኑን ጠብቀናል። እናቴ «የማንም ልጅ ይበላዋል፤ በዋዜማው አልረጭም» ማለቷ ግን እንደ አመፅ ተቆጠረ። የውጭ ቅጠሎቹ ጥቂት ስለተበሱ ብቻ በሰው ፊት ጎመናችንን አስወርደው ከጭነት መኪናው አገዱን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሲፈጸም ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። እናቴ የምትተዳደረው በዚያ ጎመን ነው። ጓሮ ተቆልሎ ሲጠወልግ እያየች ዝም ትላለች። ዝም ማለትን እኔ ገና አልተማርኩም።

ሦስተኛው እውነተኛ ምስጋና ነው፣ ለባለቤትዎ። እርስዎ ቢሮ እንደገቡ እትዬ ክዳን ያለው ቅርጫት አንጠልጥለው በጓሮ በራችን ብቅ ይላሉ። የመጀመሪያው ቀን ላከብራቸው ብዬ ምንም ያልነካውን መርጬ ባቀርብላቸው፣ «ተይ ልጄ፣ የተበሳውን ስጪኝ! ትል ደፍሮ የበላውን እኛም ደፍረን እንበላዋለን። የእሱን የሚያበራ ጎመን እንኳን ለልጆቼ ለጠላቴም አልቀቅልም» አሉኝ። እርስዎም ገበታ ላይ ጣዕሙን እያደነቁ ድገሚኝ እንደሚሉ ሰምቼ ኮርቻለሁ። ይህን ልጻፈው ወይ ብዬ ባስፈቅዳቸው፣ «ምን ትጠብቂያለሽ?» ነበር መልሳቸው።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ሐሙስ መኪናው ሲወጣ የእናቴ ጎመን ይጫን፤ የዋዜማው ርጭትም ይቅር። ይህ ለክብርዎ የሚከብድ ከሆነ አላስጨንቅዎትም፤ ጎመኑን እርስዎ በሞተር ብስክሌት በሚያልፉበት መንገድ ዳር ደርድሬ፣ ከበላዩ «የሊቀመንበሩ ቤት የሚበላው ጎመን» የሚል ሰሌዳ እሰቅላለሁ። ከዚህ የበለጠ የጥራት ማረጋገጫ ከየት ይመጣል?

ለክብርዎ ጎንበስ፣ የቅጠሉን ሥር ለማየት ደግሞ ይበልጥ ጎንበስ የምትለው፣ የማኅበርዎ አባልና የእናቷ ልጅ፣

ወይዘሪት ጠርሙስ አንባቢ

ማሳሰቢያ፦ ሰሌዳው አልቆ ቀለሙ እየደረቀ ነው። የእኔ እጅ ጽሑፍ ስለማያምር፣ ፊደሉን የጻፉልኝ ባለቤትዎ ናቸው።