መስታወቱ በደረቴ ልክ

አሶሳ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1987 ዓ.ም.

የአሮጌው መታጠቢያ ቤታችን እድሳት ዛሬ በታላቅ ክብር ተፈጸመ። የተበሳ ጣሳ የሻወርነት ሹመት ተቀበለ። መስታወቱ ከተጣለ የጭነት መኪና የተነቀለ ነው።

ግንበኛው አደም የት እንደሚሰቅለው ሲጠይቀኝ ደረቴን አሳየሁት።

«ወላሂ ጋሼ፣ እዚህ ሆድ ብቻ ነው የሚታይ!»

«ለሚስቴ ቁመት ነው።»

አዲሱ ክልል ሲዋቀር ሚስቴ ከወንዙ ማዶ ቡለን ለሥራ ተመደበች። አንድ ክልል ነን ተባልን እንጂ፣ እዚያ ለመድረስ በአዲስ አበባ መዞር ነው። ዛሬ ጠዋት ደብዳቤዋ መጣ፤ «አትጠብቀኝ፣ ሌላ ሰው አለ» ትላለች። ለአደም አልነገርኩትም።

ምስማሩን መትቶ «እትዬ ደስ ይላታል» አለ።

«በጣም» አልኩት።

እሱ ሲሄድ ጺሜን ልላጭ መስታወቱ ፊት ተንበረከክሁ። የተመደበች ዕለት «አትሂጂብኝ» ብዬ እንዲህ ተንበርክኬ ቢሆን ኖሮ…