በጎሚስታ ቤቴ ጓሮ «ለሚኖሩት» ክቡር ተወካያችን

ለክቡር ሚስተር ኤልደን ሃስከል
የሪዮ ሴኮ ማኅበረሰብ ኮሌጅ የአስተዳደር ቦርድ አባል፣ የምርጫ ቀጠና አራት ተወካይ
አድራሻ፦ ሳንዶቫል ጎሚስታ ቤት፣ ጓሮ፣ ከአሮጌ ጎማዎቹ ክምር በስተግራ
ላስ ሞራስ፣ ካሊፎርኒያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ በአክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። እኔ ባለቤቴ አምፓሮ በቀን ሦስት ጊዜ የደም ግፊቴን እየለካች «አለህ፣ ደህና ነህ» ስለምትለኝ ደህና ነኝ። የሚያሳስበኝ የእርስዎ ነገር ነው። አራት ዓመት ሙሉ በጓሮዬ ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ በርዎ ሲከፈት፣ መብራትዎ ሲበራ፣ ወይም በስህተት ሲያስነጥሱ ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤት ነኝና እንዲህ ዝም ሲሉብኝ እፈራለሁ።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ፣ ሬፉሂዮ ሳንዶቫል እባላለሁ። ላስ ሞራስ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ጎማ ስነቅል ስተክል የኖርኩ ሰው ነኝ። የኮሌጅን ነገር እንደ እርስዎ ጠልቄ አላውቅም፤ ጎማ ግን አንዴ ዳሰስ ካደረግኩ ምን ያህል እንደሄደ፣ በምን መንገድ እንደሄደ፣ ሹፌሩም ቁጡ ይሁን ረጋ ያለ እነግርዎታለሁ። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ ወደ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ የቀጠና ምርጫን ትርጉም በተግባር ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ድሮ ሰባቱም የቦርድ አባላት የሚመረጡት በአውራጃው ሕዝብ ሁሉ ድምፅ ነበር። ሄዘርተን ከተማ ሕዝቧ ብዙ ስለሆነ ሰባቱም ከሄዘርተን ይመጡ ነበር፤ እንዲያውም ሦስቱ አንድ የጎልፍ ሜዳ ዙሪያ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ነበሩ። የእኛ የኮክ ለቃሚዎችና የኮክ አሻጊዎች ድምፅ የት እንደሚገባ እንኳ አናውቅም ነበር። ኋላ ክስ ተመሠረተ፤ ኮሌጁም አውራጃውን ሰባት ቦታ ከፍሎ «ከእንግዲህ እያንዳንዱ ቀጠና በገዛ ራሱ ነዋሪ ድምፅ የገዛ ራሱን ነዋሪ ይምረጥ» አለ። ላስ ሞራስ ቀጠና አራት ሆነች። ያን ቀን ከእሳት አደጋ ጣቢያው ፊት ለፊት በበቆሎ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስለው ታማሌ ተበላ፤ አምፓሮ ከደስታዋ ብዛት ጨው መጨመር ረስታ ማንም አላስታወሳትም።

የሚያሳዝነው አዲሱ ካርታ ያኔም የቦርድ አባል የነበሩትን የእርስዎን የሄዘርተን ቤትና የቦርዱን ሰብሳቢ ቤት አንድ ቀጠና ውስጥ መክተቱ ነበር። ለሁለት ሰው አንድ ወንበር! ሌላ ሰው ቢሆን «በቃ፣ ድርሻዬን ተወጥቻለሁ» ብሎ ጎልፉን ይጫወት ነበር። እርስዎ ግን ለሕዝብ ያለዎት ፍቅር አላስቀምጥ አልዎትና፣ በመኪና የምትጎተት አንዲት ባለ ሁለት ጎማ ካራቫን ይዘው ወደ እኔ ግቢ መጡ።

ሁለተኛው ምስጋና ይኸው ነው። አመጣጥዎ እንዴት ያለ ትሕትና ነበር! ኮፍያዎን አውልቀው «ዶን ሬፉሂዮ፣ ይህቺን ለጥቂት ሳምንት ባቆማት ቅር ይልዎታል?» አሉኝ። በእኛ የአክብሮት መጠሪያ ዶን ብለው ጠሩኝ! እኔም ልቤ ቅቤ ጠጣና «ኧረ ምን ገዶኝ፣ ግቢው የእርስዎ ነው» አልኩ። እንዲህ ማለት በእኛ አገር ሰው ወግ ነው፤ የሚሰማው ሰው ደግሞ አመስግኖ የራሱን ወሰን ያውቃል። ቃሌን ቃል በቃል የወሰደ ሰው በሕይወቴ እርስዎን ብቻ አየሁ። በሳምንቱ አንድ ወረቀት አመጡ። «ካራቫኗ በፈቃድዎ መቆሟን የሚገልጽ ነው፣ ለሥርዓቱ ያህል» አሉኝ። የጭነት መኪና በክሪክ ላይ ሰቅዬ ነበርና እጄን በጨርቅ ጠርጌ ፈረምኩ። ወረቀቱ «ሚስተር ሃስከል በዚህ አድራሻ ነዋሪ ናቸው» የሚል ሆኖ ተገኘ።

ይህ ስህተት የእኔ ነው፤ በማንም አላላክክም። አምፓሮ የሰማች ዕለት እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ጎማ በጣትህ ነክተህ ስንት ማይል እንደሄደ ታነባለህ፤ ፊት ለፊትህ የተጻፈ ወረቀት ማንበብ አቃተህ?»

ሦስተኛ። እኛም ቢሆን ዝም ብለን አልተቀመጥንም ነበር። ሠፈሩ ተሰብስቦ ጡረታ የወጣችው አስተማሪያችን ዶንያ ኦቱሊያ እንድትወዳደር ተስማማ። ግማሹን ላስ ሞራስ ፊደል ያስቆጠረች ሴት ናት፤ ከእሷ ጋር ማን ይፎካከራል? በዚህም የተነሣ ሌላ ሰው አልተመዘገበም፤ እሷን ማሳፈር ይሆናላ! እሷም ሁሉ ነገሯ በጥንቃቄ ነውና ፎርሟን ሦስት ጊዜ ገልብጣ፣ በመጨረሻው ቀን በአሥር ሰዓት ወደ ካውንቲው ምርጫ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ጸሐፊዋ ካርታውን ዘርግታ «አዝናለሁ እናቴ፣ የቀጠናው ወሰን የመስኖው ቦይ መሐል ነው፤ የእርስዎ ቤት ከቦዩ ማዶ ነው፤ ቀጠና ሦስት ነዎት» አለቻት። በአሥራ አንድ ሰዓት ምዝገባው ይዘጋል። ዶንያ ኦቱሊያ ሰባት ጊዜ ደወለችልኝ። እኔ የትራክተር ጎማ ሥር ተጋድሜ ኮምፕሬሰሩ ይጮህብኝ ነበር። ስወጣ አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል።

በሕጉ መሠረት አንድ ሰው ብቻ ከተመዘገበ ምርጫ አይካሄድም፤ ያ ሰው እንዲሁ ይሾማል። ስለዚህ ክቡርነትዎ በዜሮ ድምፅ፣ ያለ ምንም ተቃውሞ፣ ያለ ምንም ድጋፍም፣ ወኪላችን ሆኑ። ላስ ሞራስ ውስጥ ዕድሜዋን ሁሉ የኖረችው ሴት በአንድ ቦይ ስፋት ነዋሪ አይደለሽም ስትባል፣ እግርዎ መሬቱን ያልረገጠው እርስዎ ነዋሪ ተባሉ። እንዲህ ያለ ካርታ ለሠራው ሰው ሐውልት ይገባዋል።

በነዋሪነትዎ ላይ ግን እኔ የማውቀውን ላክል። ጎማ ቆሞ ሲከርም ከሥሩ ይጠፈጠፋል፤ ጎኑም በፀሐይ ይሰነጠቃል። የካራቫንዎ ሁለት ጎማዎች በተተከሉበት ተጠፍጥፈው ቸርኬያቸው መሬት ሊነካ ደርሶ ነበር። እኔ ሦስት ጊዜ ነፋኋቸው፤ የተወካያችን ቤት ተንጋዶ ሲታይ ለመንደሩ ነውር ነው ብዬ። ደረጃው ላይ ሣር በቅሏል። ከወለሉ ሥር አንዲት ድመት አራት ልጆች ወልዳ አሳድጋለች፤ በዚያ አድራሻ እየኖረች ያየኋት ፍጡር እሷ ብቻ ናት። ፖስተኛው ደብዳቤዎን ሲያመጣ «ዶን ሬፉሂዮ፣ የዚህ ሰውዬ ሳጥን ሞላ እኮ፤ ሰውየው በሕይወት አለ?» ይለኛል። «ቦርድ ላይ አለ» እለዋለሁ።

ይህንን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ባልኩ ነበር፣ ያለፈው ወር ስብሰባ ባይመጣ። አጀንዳው የላስ ሞራስን ቅርንጫፍ መዝጋት ነበር፤ ከእሳት አደጋ ጣቢያው ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ማለት ነው። ሦስት አባላት ይዘጋ አሉ፤ ሦስት አይዘጋ አሉ። ሁሉም ወደ እርስዎ ዞረ። እርስዎም ዓይንዎን በጨው አጥበው ማይክራፎኑን ሳብ አድርገው፦ «እኔ እዚያው ነዋሪ ነኝ፤ ጎረቤቶቼን አውቃቸዋለሁ፤ ለኮሌጅ ፍላጎት የላቸውም» አሉ። የመጨረሻው ድምፅ ለፊታችን ሐሙስ ተቀጠረ።

የትኛውን ጎረቤትዎን ጠይቀው ነው ጌታዬ? ድመቷን?

ጎረቤትዎ አምፓሮ ናት። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ኮክ ስታሽግ ትከሻዋ አልቆ፣ ቀኝ እጇን ከጆሮዋ በላይ ማንሳት አትችልም። አምና እነዚያ ሁለት ክፍሎች ውስጥ የነርስ ረዳትነት ትምህርት ጀመረች። ማታ ማታ እኔን አልጋ ላይ አጋድማ በሽተኛ ታደርገኛለች፤ ወደ ግራ ታገላብጠኛለች፣ ወደ ቀኝ ታገላብጠኛለች፤ ከተሳሳተች «ይቅርታ አባባ» ትለኛለች፤ ባሏን! ፈተናዋን ዘጠና አንድ ያመጣች ዕለት ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋ ውሃ ልትጠጣ እያለች ስድስት ጊዜ ተነሣች። የቀራት አንድ መንፈቅ ነው። ክፍሉ ከተዘጋ የሚቀጥለው ሄዘርተን ነው፤ አርባ ሁለት ማይል፤ አውቶቡሱም የሚደርሰው ትምህርቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ወደ ማሸጊያው ደግሞ በዚያ ትከሻ አትመለስም። ክፍሏ ውስጥ እንደ እሷ ያሉ አሥራ ሦስት ሴቶች አሉ። ፍላጎት የላቸውም ያሏቸው እነዚህን ነው። ይህን ደብዳቤ ጨዋ ለማድረግ ሦስት ጊዜ ቀድጄ ጽፌዋለሁ።

ስለዚህ ጎረቤት የሚያደርገውን አደረግኩ። ሦስት ጊዜ በአደራ ደብዳቤ «ካራቫንዎን ያንሱልኝ» ብዬ ጽፌልዎታለሁ፤ ሦስቱንም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ባለፈው ሰኞ ሁለቱን ጎማ በአዲስ ቀየርኩ፤ ቡሎኖቹን አጠበቅኩ፤ ድመቷንና ልጆቿን በክብር አወጣሁ፤ እነሱ እውነተኛ ነዋሪ ስለሆኑ ላስ ሞራስ ቀርተዋል። ከዚያ ካራቫንዎን ከመኪናዬ ጋር አያይዤ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ብዬ እየነዳሁ፣ ሄዘርተን ፌርዌይ መንገድ ቁጥር 18፣ ከዋናው ቤትዎ በር ላይ አቆምኩልዎ። የጎማው ስጦታ ነው።

አበባ የምታጠጣ አንዲት ጎረቤትዎ መጥታ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የሚስተር ሃስከል መኖሪያ ቤት ነው እመቤቴ» አልኳት።

«የምን መኖሪያ? ኤልደን እኮ ሃያ ዓመት ሙሉ እዚሁ አጠገቤ ነው የሚኖረው! ትናንት ጠዋት እንኳ ውሻውን ይዞ ሲወጣ ሰላም ብሎኛል» አለች።

«እኛም እንደዚያ መስሎን ነበር» አልኳት። በጣም ደግ ሴት ናት፤ ይህንኑ ቃሏን፣ ስሟንና ስልኳን ጭምር፣ በገዛ እጇ ጽፋ ሰጥታኛለች። ቅጂው ለቦርዱ ሰብሳቢ፣ ለካውንቲው ምርጫ ጽሕፈት ቤትና ለጋዜጣው ደርሷል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ቤቴ ያቺ ካራቫን ናት ብለው በፊርማ አረጋግጠዋል። ካራቫኗ ደግሞ አሁን ያለችው ሄዘርተን፣ ቀጠና አንድ ነው። ሐሙስ ዕለት እጅዎን የሚያወጡት በየትኛው ቀጠና ስም እንደሆነ ለመስማት እኛ የላስ ሞራስ ሰዎች በሦስት ሚኒባስ እንመጣለን። ዶንያ ኦቱሊያም ትመጣለች፤ ለማዳመጥ ቀጠና አይጠየቅም ብለውናል።

ግቢዬን ለአራት ዓመት በዝምታዎ ስላከበሩልኝ ዳግመኛ እያመሰገንኩ፣ ለእርስዎም ሆነ ለውሻዎ ረጅም ዕድሜና፣ በአንድ ቤት ብቻ የሚያርፍ ሰላማዊ እንቅልፍ እመኛለሁ።

የቀድሞ ጎረቤትዎና ሁልጊዜም አክባሪዎ፣
ሬፉሂዮ ሳንዶቫል
ጎሚስታ፣ የቀጠና አራት ነዋሪ

ከፊርማዬ በኋላ ሊነገርዎት የሚገባ፦ የዘንድሮው ምዝገባ ተከፍቷል፤ አምፓሮም ትናንት በሁለት ሰዓት፣ ቢሮው ገና በሩን ሲከፍት፣ ለእርስዎ ወንበር ተመዝግባለች። ፎርሙ ላይ «ሥራ» የሚል ቦታ አለ፤ ጸሐፊዋ «የኮክ አሻጊ ልበልዎ?» ስትላት፣ ባለቤቴ ብዕሩን ተቀብላ «ተማሪ» ብላ ጻፈች። ሐሙስ ክፍሏን ከዘጋችሁባት ያ ቃል ሐሰት ይሆናል። እርስዎ በማይኖሩበት ቤት ስም መወዳደር ይችሉበታል፤ እሷ ግን በማትማርበት ክፍል ስም መወዳደር አትችልበትም።